የማን ልጅ ነህ?



ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄደበት ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ ጎረምሳ ከአውቶቡስ ወርዶ ጠላ ቤት ቢገባ፣ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ቢቆም፣ ወይም ገበያ ወጥቶ የጤፍ ዋጋ ቢጠይቅ፣ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ያዩታል። «እንደምን ዋልህ?» ይሉታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቁታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ቢነግራቸው የአያቱን ይጠይቃሉ። የአያቱን ቢነግራቸው ደብሩን ይጠይቃሉ። አንድ የሚያውቁት ስም ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ጠላው ይደገማል፣ ዱቤውም ይፈቀዳል፣ ማደሪያም አይታጣም። ባንክ በሌለበት ዘመን ብድር የሚፈቀደውም የሚከለከለውም በዚህ ጥያቄ ነበር። ባንክ በየመንገዱ በተከፈተበት በዛሬው ዘመንም ነገሩ ያን ያህል አልተለወጠም፤ እንዴት እንዳልተለወጠ አሳያችኋለሁ።

የዛሬው ወሬዬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይዙ 18 ዓመት ስለሚሞላቸው ልጆች ነው፤ በሕፃናት ማሳደጊያ፣ በአደራ ቤተሰብ፣ በዘመድ ቤት ጥግ አድገው አንድ ቀን «እንግዲህ ራስህን ቻል» ስለሚባሉት።

መጀመሪያ ግን አባት ያለው ልጅ ደብረ ወርቅ ባለችበት በእናርጅ እናውጋ ምድር እንዴት ጎጆ እንደሚወጣ ላውራችሁ። ነገሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ልጁ ገና በግ እየጠበቀ ሳለ አባቱ አንዲት ጊደር ያሳየውና «ይቺ ያንተ ናት» ይለዋል። ጊደሯ ትወልዳለች፤ ወይፈኑ ያድጋል። ልጁ እርፍ ለመጨበጥ ጉልበቱ ሲደርስ አባቱ ከኋላው እየሄደ ትልም ያስይዘዋል። ሲጠና ከማሳው ጥግ ቆርሶ ይሰጠዋል። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድምና የልጁን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ያቀናጅለታል። ወንፈል ሲጠራ ልጁ በአባቱ ቦታ ይወጣል፤ እሱ በተራው ሲጠራም ይመጡለታል። ለትዳር ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፤ የልጅቱ ወገኖች የልጁን ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት የአባቱን ጠባይ ይጠይቃሉ። ካገባ በኋላም በረዶ ሰብሉን ቢመታው የአባቱ ጎተራ አለ፤ ሚስቱ ብትወልድ የእናቱ ገንፎ አለ።

ይህን ሁሉ ያደረገ አባት «ልጄን ራሱን አስቻልሁት» ብሎ አያወራም። ልማዱ ነው። እኛ ግን እንቁጠረው። መሬት አንድ። በሬ ሁለት። ዋስ ሦስት። የሚመለሱበት ቤት አራት። ይህን አራት ያዙልኝ፤ በየደረስንበት እንለካበታለን።

አሁን አንድ ልጅ ላቁም። ከምናቤ ያመጣሁት ነው፤ ብዙ ልጆችን ስለሚመስል ስም አልሰጠውም። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በ1996 ዓ.ም ተወለደ እንበል። በአምስት ዓመቱ አባቱን፣ በሰባት ዓመቱ እናቱን ቀበረ። አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ወላጆቻቸው የተዉላቸው ሦስት ጥማድ መሬትና አንድ ጎጆ ነው።

ይህ ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት ተወልዶ ቢሆን ኖሮስ? ባገራችን ልማድ የጡት ልጅ መሆን ነበረ። አሳዳጊው ማር የተቀባ ጡቱን ወይም ጣቱን ያጠባውና ልጁም የእሱ ልጅ ይሆናል፤ ምስክር ባለበት የተደረገ ነውና ከዚያ ወዲያ ማንም አይክደውም። እንዲህ ያለ ዕድል ያልገጠመው ደግሞ በቀለብና በልብስ እረኛ ይሆናል። ከዘመድ ቤት ገብቶ ከልጅ በታች፣ ከሎሌ ትንሽ ከፍ ብሎ ያደገም ብዙ ነው። የድሮውን ሁሉ በማር ቀብቼ አላወራላችሁም።

ሌላም መንገድ ነበረ፤ ደብረ ወርቅ ይህን መንገድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የቆሎ ተማሪው መንገድ። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ካገሩ ይወጣል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል። ሲመሽ ከጓደኞቹ ጋር የለመነውን በአንድነት ይበላል። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅ ማርያም፣ በቢቸና አጠገብ ባለችው በዲማ ጊዮርጊስ ያሉት ጉባኤ ቤቶች ከየአገሩ የመጣ ልጅ ያደገባቸው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም የልጅነት ትምህርታቸውን የተማሩት በእነዚሁ ቦታዎች ነው።

እዚያ ልጁ የሚማረው ዳዊትና ቅኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድቁና ሲቀበል ሰሞን ይገባል፤ ከሰሞኑም ድርሻ አለው። እጁ ቀና ያለ ከሆነ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ቁም ጽሕፈት፣ ድጉሰት ይማራል። ቆብ ይሰፋል፣ ልብስ ይጥፋል። ትልቁ ተማሪ ለትንሹ ያስጠናል። ዓመታት ቆይቶ ሲወጣ መሬት የለውም፣ በሬም የለውም። ግን ሙያ አለው፣ ጓደኞች አሉት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለዚያ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ አለው። «የየኔታ እገሌ ተማሪ ነኝ» ይላል። የመምህሩ ስም በአባት ስም ፈንታ ይቆምለታል፤ በዚያ ስም የሩቅ ደብር ይቀበለዋል፣ በዚያ ስም ሚስት ይሰጡታል።

ረኃቡ፣ እከኩ፣ ብርዱ ስንቱን በመንገድ አስቀርቷል፤ ይህም አይረሳ። ለሴት ልጅ ደግሞ ይህ በር ዝግ ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ጦርነትና ረኃብ ወላጅ አልባውን ዘመድና ጉባኤ ቤት ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ አበዙት። ደርግ በሶማሊያ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ልጆች አላጌ ላይ ሰብስቦ ሕፃናት አምባን አቋቋመ። ልጆቹ የአብዮቱ ልጆች ተባሉ፤ አባታቸው መንግሥት ሆነ። ይህ አባት ግን በ1983 ዓ.ም ወደቀ። ግቢው ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው። ልጆቹ እንደየዕድላቸው ተበተኑ። የመንግሥት ልጅ መሆን መንግሥት ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ታየ።

በዚያው ዘመን አንዲት ሴት ነበሩ፤ አበበች ጎበና ይባላሉ። ሰላሌ ሸበል አቦ በተባለ ቦታ ተወለዱ፤ አባታቸው በጣልያን ወረራ ሲሞቱ እሳቸው ገና አራስ ነበሩ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተምረው ሥራ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ግሸን ማርያም ወጡ። ወሎ በረኃብ ተመትታለች። ከመንገዱ ዳር የሞተች እናት ጡት ላይ የተለጠፈች ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባልም ዘመድም «ወይ እኛን ወይ እነሱን» አለ። እሳቸው ልጆቹን መረጡ፤ ከቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር የዶሮ ቤት በነበረ ጎጆ ገቡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። በኋላ ድርጅታቸው ሰፍቶ ትምህርት ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ ያለው ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮሮና ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ልጅ ስንት እንደሆነ አገር አይቷል።

እሳቸው ዘንድ ያደገ ልጅ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ አይቷል። ሊጡ ሲቦካ፣ እንጀራው ሲሸጥ፣ ትርፉ ሲቆጠር ፊቱ ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባልም የሚጠራው ስም አለው። መሬትና በሬ ባይሰጡትም ዋስና ቤት ሆነውታል።

ሌላም ልንገራችሁ። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ከተከፈቱት ማሳደጊያዎች አንዱ የኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ማኅበር ነው። ልጆቹን አበላ፣ አለበሰ፣ አስተማረ። አሥር ዓመት አለፈና ልጆቹ ጎረመሱ። ያን ጊዜ ማኅበሩ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ልጁ ከግቢው መውጣት ይፈራል፤ ሁሉን ከማሳደጊያው ይጠብቃል፤ የሰፈሩ ሰውም «የማሳደጊያ ልጅ» ብሎ ይለየዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማኅበሩ ቆረጠ። ዘመድ የተገኘለትን ልጅ ዘመዱን ደግፎ ወደ ዘመዱ መለሰ። ዕድሜው የገፋውን ሙያ አስተምሮ፣ መቋቋሚያ ሰጥቶ፣ በራሱ ቤት እንዲኖር ረዳው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ልጆች ካሉበት ማኅበረሰብ ጋር አደረገ፤ ስሙም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ሆነ። ማሳደጊያ ሆኖ ማሳደጊያን የዘጋ ድርጅት ጥቂት ነው።

መንግሥትም በ2001 ዓ.ም የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ሲያወጣ ቅደም ተከተሉን እንዲሁ አደረገው፦ መጀመሪያ ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ መርዳት፣ ከዘመድ ማገናኘት፣ አደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻ፤ ማሳደጊያ የመጨረሻው። በ2010 ዓ.ም ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀረ። ልጁ አገሩ እንዲያድግ ተወሰነ። ደግ ነው። አገሩ ያደገ ልጅ ግን አገሩ 18 ይሞላዋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

ወደ ልጃችን እንመለስ። እናቱ የሞተች ጊዜ አክስቲቱ «ሴቷን እኔ አሳድጋለሁ፤ ሁለቱን ግን አልችልም» አለች። እህቱ እዚያው ቀረች። እሱን የወረዳው ሰዎች ባሕር ዳር ወስደው ከአንድ ማሳደጊያ አስገቡት። ወንድምና እህት በሰባትና በአምስት ዓመታቸው ተለያዩ።

እሱ በደወል ተነሳ፣ በደወል በላ። ልብሱ ከመጋዘን ይመጣል። አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ቴክኒክና ሙያ ገባ፤ ብየዳ ተማረ፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ፈተናውንም አለፈ። እህቱ ደግሞ ውሃ ቀዳች፣ ኩበት ለቀመች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ከስድስተኛ ክፍል ቀረች። ግን ገበያ ላይ ሽንኩርት በዱቤ የሚሰጣት አለ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ላም እንደወለደች ታውቃለች። ለቅሶ ደርሳለች፣ ሠርግ አጅባለች። እሱ ወረቀት አለው፣ እሷ ሰው አላት። እንግዲህ ፍረዱ፤ የትኛው ተጎዳ?

ልጁ በ2014 ዓ.ም 18 ሞላው። ማሳደጊያው ክፉ አላደረገበትም። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጥቂት ወር የሚያኖር ገንዘብ ሰጥቶ መርቆ ሸኘው። ልጁ ቀበሌ አሥራ ምናምን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ እንደ ጉም በነነ። ሽሮ በኪሎ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ ከሰል በማዳበሪያ መግዛት በሳህን ከመግዛት እንደሚረክስ የነገረው የለም። ስልክ ገዛ፤ ጓደኛ ተበደረው፤ አልመለሰም። አባት ያለው ልጅ ይህንኑ ጥፋት በ12 ዓመቱ በአሥር ብር ያጠፋውና በኩርኩም ይማረዋል። የእኛ ልጅ ያጠፋው በ18 ዓመቱ፣ ባለው ሁሉ ነው።

ሥራ ፍለጋ ወጣ። አንድ የብረታ ብረት ቤት እጁን አይቶ ወደደው። «ነገ ዋስ ይዘህ ና» አለው። ዋስ! ደመወዝ ያለው ሰው ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈርምለት ነው። ማሳደጊያው እንደ ድርጅት አይፈርምም። በማሳደጊያው ያሳደጉት እናት ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል። ሥራው አመለጠ።

ብድር ጠየቀ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ የምንለው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ በክልላችን ድኃ ያለ ንብረት ማስያዣ እንዲበደር ያደረገበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ሰዎች በቡድን ተሰባስበው እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍላሉ። ብልሃቱ ለስንቱ ገበሬና ነጋዴ ሴት ደርሷል። ግን አስቡት፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማይታወቅ ጎረምሳን ማን ከቡድኑ ያስገባዋል? ቢጠፋስ ማን ደጅ ይኬዳል? መታወቂያ ሊያወጣ ቀበሌ ሄደ። «በማን ቤት ቁጥር ነው የተመዘገብኸው?» አሉት።

አያችሁልኝ? አሠሪው፣ አበዳሪው፣ የቀበሌው ጸሐፊ ቃል እየለዋወጡ የሚጠይቁት ያንኑ የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። ልጁ ሙያ ይዞ፣ ጉልበት ይዞ፣ ባንድ ጥያቄ በየበሩ ይመለሳል።

በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 2022፣ ብሪታንያ ውስጥ ያለችው የዌልስ መንግሥት አንድ ሙከራ ጀመረ። ከመንግሥት ማሳደጊያና ከአደራ ቤተሰብ ወጥተው ከዚያ ቀን አንሥቶ ባለው ዓመት 18 ለሚሞላቸው ልጆች ግብር ከመቆረጡ በፊት በወር 1,600 ፓውንድ ለ24 ወራት ሊሰጥ። በምን አወጣኸው የሚል የለም። እናት አባት ያለው ልጅ እስኪቋቋም ቤተሰቡ የሚደጉመውን መንግሥት በወላጅ ፈንታ ይደጉም ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ግን ይህን ያህል የሚሰጥ ካዝና የለም። ቢሰጥም ልጃችን ያን ብር ይዞ አሁንም ዋስ አምጣ ይባላል። አበዳሪው ከገንዘቡ በፊት ሰው ይፈልጋላ!

ልጁ ሲጨንቀው የተወለደበትን አገር አሰበ። ሦስት ጥማድ መሬት እንዳላቸው ከእህቱ በስልክ ሰምቷል። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 እናትና አባታቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሞግዚት አማካይነት በመሬቱ ይጠቀማሉ ብሎ ደንግጎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ ያደርጋል ይላል። በወረቀት ላይ መሬቱ የልጁና የእህቱ ነው። በማሳው ላይ ግን አጎት እያረሰ 11 ዓመት ሆኖታል።

ልጁ ደብረ ወርቅ ወረደ። እህቱ መናኸሪያ ጠበቀችው። እሷ ይዛው ባትሄድ የአጎቱን ቤት እንኳ አያውቀውም ነበር። በመንገድ ያገኛት ሁሉ «ይሄስ ማነው?» ይላታል፤ «ወንድሜ ነው» ትላለች። ከዚያ ቀን በፊት ማንም እንዲህ ብሎ አስተዋውቆት አያውቅም።

አጎት ቤት ገቡ። ቡና ተፈላ። ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«አጎቴ፣ የአባቴን መሬት ይስጡኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

አጎት ዝም አሉ። ተነሥተው ከሣጥን አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር አወጡ። በክልላችን ይህ ደብተር መታደል የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የባልና የሚስት ፎቶ ይለጠፍበታል። ልጁ የእናቱን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶ ያየው በመሬት ደብተር ላይ ነው።

«መሬቱ ያንተና የእህትህ ነው፤ አልክድም» አሉ አጎት። «ግብሩን የገበርሁ ግን እኔ ነኝ፤ ከድንበር ገፊ ጋር የተሟገትሁም እኔ ነኝ። ውሰድ ካልህ ውሰድ። በምን ታርሰዋለህ? በሬ አለህ? እርፍ ጨብጠህ ታውቃለህ?»

ልጁ መልስ አጣ። ነገሩ እዚያው ፍርድ ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ስንቱ ገብቷል፤ ስንቱ አጎትና የወንድም ልጅ ለዓመታት ተከሳሽና ከሳሽ ሆነው መሬቱም ሳይታረስ፣ ዝምድናውም ሳይተርፍ ቀርቷል። እህቱ ግን ቀድማ ሦስት ሽማግሌዎች ለምናለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካ ሥር ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ፈረዱ። ደብተሩ በልጆቹ ስም ይዙር። አንድ ዓመት አጎት በእኩል ያርሱ፤ ግማሹ ምርት ለልጆቹ ይግባ። ከድርሻቸው ተሽጦ አንድ በሬ ይገዛ፤ ከአጎት በሬ ጋር ይቀናጅ። ልጁ ማረስ ካልፈለገ ማንም አያስገድደው፤ ብየዳውን ይሥራ። ለብየዳው ማሽን ብድር ሲጠይቅ አጎት ዋስ ይሁኑ። እህቲቱ ከምርቱ እኩል ድርሻ አላት፤ ሳትወድ እንዳትዳር።

«ሳትወድ እንዳትዳር» የምትለውን የመጨረሻዋን ቃል ያስገቡት አንድ ዳዊት ደጋሚ አዛውንት ናቸው። ልጃገረድ ያለዕድሜዋ እንዳትዳር በክልላችን በብልሃት የሞከሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው በሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። ያላገቡ ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት የሚገቡት የደብተርና የእስክሪብቶ ወጪ ይሸፈንላቸዋል፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች ሁለት ዓመት ሲሞላ በግ ይሰጣል። በግ ትወልዳለች፤ ልጅቱም በራሷ ስም የሚቆጠር ከብት ይኖራታል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ። አባት ለወንድ ልጁ ጊደር ሲያሳየው የኖረውን ያህል ለሴቷም አንድ ሰው በግ አሳያት ማለት ነው።

የእኛ ልጅ እንዴት ሆነ? አራሽ አልሆነም። በዓመቱ ደብረ ወርቅ ላይ ከአንድ ጎልማሳ ጋር በሽርክና ብየዳ ቤት ከፈተ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ጋን ማቆሚያ ይሠራል። የሳምንት ዕቁብ ገባ፤ ዕቁቡን ሲያስገቡት ሰብሳቢው ያለው «የእነ እገሌ ዘመድ ነው» ብቻ ነው፤ በቃ። ዕቁቡ ገንዘብ ማስቀመጥን ማሳደጊያው ካስተማረው ይልቅ አስተማረው፤ ሳይከፍል ቢቀር የሚያፍርበት ሰው አለዋ! ለፋሲካ አክስቱ ቤት ይገድፋል። እህቱ ከምርት ድርሻዋ ሸጣ የልብስ ስፌት መኪና ገዝታለች።

ምናብ ነው፤ እንዲህ ያማረ ፍጻሜ ለሁሉ አይደርስም። ብዙው ልጅ የሚጠብቀው እህት የለውም፤ አጎቱም ደብተሩን አያወጣም። ብዙው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ይሄዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ጎዳና ይወጣል፣ ሴቷም ሰው ቤት ትቀጠራለች። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሰላሙም ታውኳል፤ ቀብረን የምንመለሰው አባትና እናትም በዝቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ 18 የሚሞላቸው ልጆች ዛሬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል።

እንግዲህ አራቱን እናስታውስ። መሬቱን ሕግ ሊጠብቅላቸው ይችላል፤ ቀበሌው ከቀብር ማግስት ደብተሩን መዝግቦ፣ ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ሰጥቶ፣ በየዓመቱ «ምርቱ የት ገባ?» ብሎ ከጠየቀ። በሬውን ድርጅትም፣ ባንክም፣ መንግሥትም ሊሰጥ ይችላል፤ ብየዳ ማሽንም በሬ ነው፣ ስፌት መኪናም በሬ ነው። ማሳደጊያዎችም ልጁን ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ገበያ ይላኩት፣ ሒሳብ ያስይዙት፣ በየክረምቱ ዘመዱን ያስጠይቁት። 18 ሲሞላው ብር ሰጥቶ ከመሸኘት ይህ ይበልጣል። ዋስና ቤት ግን ከሰው በቀር ከየትም አይገዛም።

ሰው ደግሞ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ኤች አይ ቪ ወላጆችን ሲፈጅ በአዲስ አበባ ስንት ዕድር ከመቅበር አልፎ የሟች ልጆችን ወደ ማሳደግ እንደገባ ሰምታችኋል። እዚህም ዕድር አለን። አባት ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል፣ ከዚያ ዕቃውን ጠቅልሎ ይመለሳል። እኔ የምለው አንድ መስመር በመተዳደሪያ ደንቡ ይጨመር ነው። አንድ አባል ልጅ ጥሎ ሲሞት፣ በዚያው ሳምንት ከዕድርተኛው ሁለት ሰዎች ስማቸው ከልጁ ስም ጎን ይጻፍ። ልጁ ዘመድ ቤትም ይደግ፣ አደራ ቤተሰብ ዘንድም ይደግ፣ ባሕር ዳር ማሳደጊያም ይግባ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠይቁት። መሬቱን ማን እንደሚያርሰው ይወቁ። 18 ሲሞላው ለመታወቂያው ምስክር፣ ለሥራው ዋስ ይሁኑ፤ ብድር ሲጠይቅም ዕድሩ ከጀርባቸው ይቁም።

ወጪው ከድንኳን ያንሳል። አደጋ አለው ወይ? አዎ፤ አንዳንዱ ልጅ ብድሩን አይከፍልም፣ ዋሱንም ያሳፍራል። የገዛ ልጃችንም ስንት ጊዜ አሳፍሮናል፤ በዚህ ምክንያት ግን ለልጆቻችን ዋስ መሆንን አልተውንም። ለሟች ጎረቤታችን ልጅም በዚሁ ሚዛን እንፍረድ።